ጉርድ ፎቶ

ከአራዳ ገበያ ጀርባ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ፣ ይኸው እስካሁን፣
“አገጭ ትንሽ ወደ ላይ። ጆሮ ይታይ፣ ሁለቱም።
ነጠላሽን አውርጂው። አይ፣ መሳቅ አይቻልም።”
እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ።
ለመታወቂያ፣ ለማትሪክ፣ ለጡረታ ደብተር፣
ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሱዳን መንገድ፣ ለማኅበር ብድር፣
ማንም ይምጣ ማን፣ ከጀርባው አቡጀዲ ነው የምሰቅለው፤
ነጭ፣ ሁለት ምስማር የያዘው፣
ደጁን፣ ዘመዱን፣ ጎረቤቱን ከሰው ላይ የሚያጥበው።

በፍልሰታ ማብቂያ፣ እግራቸው እምቢ ያላቸው
እማማ ወርቅያንጥፉን ከቤታቸው ላነሣቸው
አቡጀዲዬን ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ
ከወለቃ ሽቅብ ስሄድ፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጬ፣
ጎማችን ጭቃ ገባ። ሾፌሩ ቢያድግልኝ
“ጋሼ፣ አንተ ውረድ፣” አለኝ፣ “ከብደህ እንዳትጎትተኝ።”

ወረድኩ። ጉሙም ወረደ።
ዝናብስ ድምፅ አለው፤ ሲመጣ ቆርቆሮ ይነግራል፤
ጉም ግን ማንንም ሳይጠራ ከፊትህ ይሰበስባል።
መጀመሪያ አጥሩን ወሰደ፣ ቀጥሎ የገብሱን ማሳ፣
ከዚያም ባጃጁን እንዳለ ከነሾፌሩ ሲያነሣ
ስድቡ ብቻ ቀረልኝ።

ዘወር ስል፣ እዚያ ቆሟል።
ዛፍ። ብቻውን። ቅጠል የለው፣ ቅርፊቱ ግማሽ የተላጠ፣
“ኮፍያ አውልቅ” ሳልለው በፊት ቀድሞኝ የተገለጠ።
ከኋላው ነጭ፣ ከግራ ከቀኙ፣ ከእግሩም ሥር ነጭ፤
የእኔ ጨርቅ በብብቴ ሥር አፈረ፤ ሆነ ቁራጭ።

ካሜራዬን አወጣሁ። ልማድ ነው፣ አፌ አያርፍም፦
“ቀና በል። ትከሻ እኩል።” እኩል ግን አልነበረም።
አንዱ ክንዱ የለም፤ ሌላው ወደ ሎዛ ይጠቁማል
መንገድ እንደጠየቁት ሰው፤ ጉም ጣቱን ቆርጦበታል።

“ደረቅ እንጨት ነው እኮ!” አለ ቢያድግልኝ ከነጩ ውስጥ፣
“እማማ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ!”
ሣር የተሸከመ ሰው አለፈ፣ ፊቱን ሣሩ ጋርዶት፦
“የመብረቅ ነው፣ አምና በሰኔ። ለምድጃም ማን ደፍሮት!”
አለና ተመልሶ ጠፋ።

አነሣሁት። አንዴ ብቻ።
በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ትንፋሹን ያልያዘ፣
ዓይኑን ያልጨፈነ፣ “ተበላሸ?” ብሎ ያልተከዘ
እሱን ብቻ አየሁ።

ኋላ ነፋስ ከአንገረብ በኩል ገፋ ቢያደርገው ጉሙን፣
ብቻውን ያልኩት እንጨት... ወይ ብቻውን!
ከጀርባው ሦስት ቆርቆሮ ቤት፣ ባሕር ዛፍ፣ የቴሌ ማማ፣
አህያ፣ ልጅ ከነጀሪካኑ፣ ሬዲዮ እንኳ የሚሰማ፤
ከወገቡም ገመድ ታስሮ፣ በገመዱ ላይ ተሰጥቶ
ሰማያዊ የተማሪ ሱሪ፣ ኪሱ ተገልብጦ ወጥቶ፣
ውኃ ያንጠባጥባል።
እኔ “ቀና በል” ስል ሁሉ ሱሪው እዚያው ነበር።

ቢያድግልኝ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ቶሎ ተወኝ።
ስንት ገመድ ቆርጫለሁ?
“ደጅ የቆመው ልጄ ነው፤ አብሮኝ ይነሣ?” ያለችኝ
ሴት ነበረች አንድ ጊዜ።
“ጉርድ ነው፣ አይቻልም፣” አልኳት። ምንም አላለች፤ ከፈለችኝ።

እማማን ሊመሽ ሲል አነሣኋቸው።
ጨርቁን ሰቀልኩ፤ ቀበሌው ሌላ አይቀበልም።
የአልጋቸው ራስጌ ግን በዳር ገባች፤ አልቆረጥኳትም።

ዛፉን በሦስት በአራት ከተፍኩት፣ አራት ፍሬ፣ እንደ ደንቡ፤
መጥቶ የሚወስዳቸው ያጡ ፊቶች ካሉበት መሳቢያ ገቡ።
ፖስታው ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦
ስም፦ አልጠየቅሁም። ቀብድ፦ የለም። ቀሪ፦ የለበትም።
አድራሻ፦ ወለቃ፣ ከሱሪው አጠገብ።