የጀልባዋ ጎን

አዌቱ ዳር፣ ከተማም ብየዳ ቤት ጓሮ፣
ተገልብጣ ተኝታለች፤ ሆዷ ስር ሰፍሯል ዶሮ።
ርዝመቷን በእርምጃ ለካሁት፤ አሥራ ሦስት ግድም፤
አንድ ጎኗ የለም።

«ጀልባ ናት» ይሉኛል። ጀልባ ምን ሊሠራ ጅማ መሃል?
ባሕሩ ሩቅ ነው፤ አዌቱ እንደሁ በበጋ ፍየል ያሻግራል።
ቢላዋ ይዤ መጣሁ፣
ቀለሟን ፋቅሁ፤
ከሰማያዊው ስር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ስር የደበዘዘ ቀይ፤
መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጀልባም ይቀባል ወይ?
ከሁሉም ስር ቁጥር፦ ሁለት። ከፊቱ የነበረው ፊደል
በመዶሻ ተመትቷል።

አባ ጭብሳን ጠየቅሁ፤ ሂርማታ ገበያ ጨው ይሸጡ የነበሩ፤
«የጎጀብ ናት» አሉኝ፣ ሁለቴ ስለው ነገሩን ሲጀምሩ።
«ከዳውሮ በኩል ዝንጅብል፣ ከእኛ በኩል አሞሌ ጭነን፣
በቅሎ እንቢ ስትል ዓይኗን በኩታ ሸፍነን፣
ገመዱ መሃል ላይ ሲያቃስት ሁላችን ዝም ብለን...»
እዚህ ላይ ቆሙና ጣታቸውን ቆጠሩ፤
የአንድ የሰጠመ ሰው ስም ሊያስታውሱ ነበር፤ ተዉት፤ ሌላ ነገር አወሩ።

ወይዘሮ አልጣሽ ሳቁብኝ፤ የመንገድ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ፤
«ጎጀብ? የግቤ ናት እንጂ! ድልድዩ ሳይሠራ፣ ክረምት ክረምት እኛ
ነን ደሞዝ የከፈልናት።» «የከፈልናት» ማለታቸው ገረመኝ፤
ለጀልባ ደሞዝ? «ለቀዛፊው ነዋ!» ብለው ተቆጡኝ።
ከአልጋ ስር መዝገብ አወጡ፤ ምስጥ ግማሹን ወስዶታል፤
የቀረው ግማሽ እንዲህ ይላል፦
«ጀልባ ቁጥር ሁለት። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ። ሰው አሥራ አንድ፣ ጆንያ ሠላሳ፤
አንድ በግ ሰጠመ። ዋጋው ከዳልኬ ደሞዝ ይነሳ።»
በቃ። ዳልኬ ማን ነው? የማን ልጅ? ስንት ዓመት ቀዘፈ?
«ስሙን እንጂ ፊቱን አላውቅም።» የተጻፈው በጉ ነው፤ ሌላው አለፈ።

ተማምን ወንዙ አይገደውም፤ እሱ የሚያውቀው ብረት ነው፤
«እንዲህ ያለ ላሜራ አሁን የለም» ይላል፣ በመዳፉ እየመታው።
እንዴት መጣች? «በጨረታ፤ በትሬንታ ኳትሮ ጀርባ፤
አባቴ ብረት ብሎ ገዛ እንጂ፣ ማን አለው ጀልባ?»

ያኔ ቀጥ ብላ ነበር የምትቀመጠው።
አባቱ በጠመኔ ጎኗ ላይ ሦስት በር ነደፈ፤ ነገ ሊቆርጠው።
በዚያ ሌሊት አዌቱ ሞልቶ ጓሮውን ዋጠው።
ዘበኛው ናስር አይቷል፦ አራት ጣት ያህል ከፍ አለች፤
ውሻውን እንደ ጫነች ዞረች፤
ሄዳ አጥሩን፣ አንዴ፣ በግንባሯ አንኳኳች፤
ውሃው ሲሸሽ ቆመች።
ጠዋት አባትየው ጭቃው ላይ የተሳበችበትን አይቶ ብዙ ቆየ።
«ይህቺማ መንገዷን ታውቃለች» አለ፤
ሰባት ሰው ጠርቶ ገለበጣት። ከዚያ ቆረጠ።

ኮቺ ወረድሁ፤ በሮቹን እያሰስሁ፤
ሁለቱ ከነቤታቸው ፈርሰዋል፤ አንዱን በክብ ክብ ምስማሩ ለየሁ።
የተማሪ ዩኒፎርም ተሰጥቶበታል፤ ውሃው ይንጠባጠባል።
ምን ብዬ እንደምገባ አላሰብሁም፤ ምን ይባላል?
በጣቴ አንኳኳሁ፤ ድምፁ የሩቅ፣ የባዶ፤
«ማነው?» አለ አንድ ልጅ፣ ከወዲያ ማዶ።