አርባ አንድ ድምፅ

ቤቷን ላስረክብ ነው፣ ቁልፉን ለማዘጋጃ፤
ሶፋው ተሸጧል፣ ቀርቷል ከሰል ማንደጃ።
መሳቢያዋ ውስጥ ግን፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣
ከሆልምሾ ለንደን፣ የባቡር ትኬቶች ሁሉ፤
ከሥራቸው ደግሞ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣
የድር መሳቢያ መንጠቆ፣ ጫፉ በእጅ ተስሎ።

አክስቴን አዳ ሾሮክን፣ ገና በአሥራ ሦስቷ፣
ከሽመናው አዳራሽ፣ አስገባቻት እናቷ።
ስምንት መቶ መኪና፣ ባንድ ጣራ ሲያጓራ፣
ሰው ከሰው አይሰማም፣ ቢጮህ ቢጣራ፤
ስለዚህ ሴቶቹ፣ በከንፈር ያወራሉ፣
ድምፅ የሌለው ወሬ፣ በዓይን ይቀበላሉ፤
የማን ልጅ እንደሳለ፣ የማን ባል እንደሰከረ፣
ከወዲያኛው ረድፍ፣ ወዲህ ተሻገረ።
እዚያ ነው የለመደችው፣ ሰውን ከአፉ ማንበብ፣
ጆሮዋ እየከሰረ፣ ዓይኗ ሲያተርፍ ጥበብ።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ማኅበሩ አጫት፣
ሆልምሾም ወጥቶ፣ በዝናብ መረጣት።
ኮቱ የእናቴ ነው፣ የታናሽ እህቷ የሂልዳ፤
የራሷ መንጠቆው ብቻ፣ ለንደን ስትሄድ ወርዳ።

አረንጓዴ ወንበር፣ ፊት ለፊት ተደርድሮ፣
ምንጣፉ በሁለት፣ ቀይ መስመር ታጥሮ፤
ሁለት ጎራዴ ያህል፣ መስመሮቹ ይርቃሉ፣
ጌቶች ቢቆጡ እንኳ፣ እንዳይጋደሉ።
ከማዶው ወንበር ላይ፣ አንድ ሽበታም ጌታ፣
ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ሲያማት በሹክሹክታ፣
«ይህች የፋብሪካ ዶሮ፣ ልትጮህ ነው ደግሞ»
ሲል ወሰደው ዓይኗ፣ ካፉ ላይ ለቅሞ።
«አፈ ጉባኤ ሆይ፣ የማዶው ጌታ እንዳሉት፣
ዶሮ ስትጮህ ነው፣ የተኙት የሚነቁት።»

ዓርብ ማታ ደግሞ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ጡረታው የዘገየ፣ ጣራው የሚያፈስበት፣
ተሰልፎ ይጠብቃታል፤ ሻይዋ ይቀዘቅዛል።
«እንደራሴ ማለት፣» ትላለች፣ «እንደ ራስ መሆን ነው፤
የወይዘሮ ፒክልስ ጣራ፣ በእኔ ራስ ላይ ነው የሚያፈሰው።»

ከዚያ ያ ሕግ መጣ።
አሮጌ መኪናውን፣ ሰብሮ ለሚጥል ከበርቴ፣
መንግሥት ካሳ ይከፍላል። ምን ልትል ነው አክስቴ?
ደወሉ ጮኸ። ስምንት ደቂቃ ነው ጊዜው፤
በስተቀኝ የእሺ በር፣ በስተግራ የእንቢ ነው።
የፓርቲው አለንጋ (ሰው ነው፤ ሹመቱ ነው ስሙ)
ደጃፍ ላይ ቆሞ አያት፣ ሌሎቹ ሲተሙ።
ከንፈሩ አልተነቃነቀም።
አነበበችው።
በእሺ በር ገባች።

ጥቅምት ላይ ሰባሪዎች፣ መዶሻ ይዘው መጡ፣
የእናቴን አራቱን፣ በተራ ቀጠቀጡ።
በማግስቱ ሆልምሾ ውስጥ የወፍ ድምፅ ተሰማ።
እናቴ መስኮቱን ዘጋች። «ይህን ዝምታ፣» አለች፣
«እህቴ ናት የሸመነችው።»
ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም፤ በከንፈርም።

የመጨረሻው ምርጫ፣ ቆጠራው ሲነጋጋ፣
አስመራጩ ወጥቶ፣ ወረቀቱን ዘረጋ።
ማይክራፎኑ ሳይበራ፣ ሕዝቡ ሳይሰማ ገና፣
አዳ ጓንቷን አጠለቀች፣ ከንፈሩን አየችና።
አርባ አንድ ድምፅ።
ድምፅ የማትሰማ ሴት፣ በድምፅ ተሸነፈች።

«ከአርባ አንዱ አንዱ ያንቺ ነበር?» አልኳት እናቴን አንድ ቀን፤
ሰሃን ማጠቧን ቀጠለች።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣
እናቴ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች፤
አልጋው በወዲያኛው ጥግ ነው።
አክስቴ ቀና አለች።
ከንፈራቸው ሄደ፣ ከንፈራቸው መጣ፣
እንደ መወርወሪያ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ትንፋሽ ሳይሰማ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል።
አንዴ ሳቁ። አንዴ እናቴ ዓይኗን ጠረገች።
ነርሷ «ምን ይባባላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ፣ በሁለቱ ደመወዝ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት፣
ከንፈር ማንበብ አልችልም።