ሊስትሮ እና ሊስቶ

ከወደቡ በር ላይ ሣጥኔን አኑሬ፣
የዘጌን መንገደኛ ጫማ ስጠርግ ኖሬ፣
አንድ ቀን ሰማሁኝ፣ ከፈረንጅ አፍ ወጥቶ፣
የሥራዬን ስም ቆርጦ፦ “ሊስቶ? ሊስቶ? ሊስቶ?”
“ሊስትሮ” ማለቷ ነው ብዬ ቀና አልኩኝ፣
ብሩሼን አንስቼ ሣጥን አንኳኳሁኝ።
የሴትየዋ ጫማ ለካስ ሸራ ኖሯል፣
ዓይኗም ጀልባው ላይ ነው፤ እኔን መች አይቷል።

ጋሽ ፈንቴ ሳቀ፣ ከሞተሩ ሆድ ውስጥ፣
እስከ ክርኑ ድረስ ዘይት እንደ ጓንት አጥልቆ፦
“አንተን አይደለም፤ ጀልባው ደረሰ ወይ ነው የምትለው።”

ጋሽ ፈንቴ ኩባ ያደገ ነው።
አባቱ ኦጋዴን ሲቀር፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ፣
ከአሰብ በመርከብ ጭነው ወሰዱት፤
አገዳ እየቆረጠ የናፍጣ ሞተር ተማረ።
ዛሬም ሲናደድ በስፓኒሽ ነው የሚሳደበው፣
ሲያዝን ግን በጎጃምኛ ዝም ይላል።

“ስማ፣” አለኝ፣ “የእኛ ‘ነው’ አንድ ነው፣ ብቻውን ይለፋል፤
ሐይቁ ሰፊ ነው ሲል፣ ሐይቁ ድፍርስ ነው ሲል፣ በአንድ እጁ ይጽፋል።
እነሱ ዘንድ ግን መንታ ነው፤ ‘ሴር’ አለ፣ ‘ኤስታር’ አለ፤
አንዱ ከሥር የበቀለ፣ አንዱ ላዩ ላይ የዋለ።
ታንኳው የደንገል ነው፤ ይህ ሴር ነው፣ አይለቅም።
ታንኳው እርጥብ ነው፤ ይህ ኤስታር ነው፣
ድንጋይ ላይ ቢሰጣ እስከ ማታ አይዘልቅም።
ሊስቶም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤቱን ያያል።
ከሴር ጋር ከቆመ ነቄ ነው፣ ብልህ ይባላል፤
ከኤስታር ጋር ከቆመ ዝግጁ ነው፣
የጫማውን ክር አስሮ በር በሩን ያያል።
ለሴት ከሆነ ‘ሊስታ’ በል።
ቃሉ ያው ነው፤ የሚለውጠው አጠገቡ የቆመው ነው።
ሰውም ቢሆን…” አለና መፍቻውን ፈለገ።

እኔም ተማርኩ። ሣጥኑን ለታናሼ ለአበጀ ትቼ
ጀልባው ላይ ረዳት ሆንኩ፣ ቀበቶ ገዝቼ።
ጥር ላይ ነው፤ ጥምቀትን ያዩ እንግዶች ሞልተው፣
“ኤስታስ ሊስቶ?” አለኝ አንድ ሽማግሌ፣ ኮፍያውን ይዞ ከነፋስ።
“ሶይ ሊስቶ!” አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።
ዝግጁ ነህ ወይ ሲለኝ፣
ብልህ ነኝ ብዬው አረፍኩ።
ብዬም ጀልባውን ገፋሁት፣
ገመዱን ከግንዱ ሳልፈታ።
ጀልባው ተንገጫግጮ ቆመ፤ ሽማግሌው ሳቀ፤
ጋሽ ፈንቴ ገመዱን እያየ፣
“ይኸው ልዩነቱ” አለ። ሌላ ትምህርት አልጨመረም።

ስንመለስ መሸብን።
ከደብረ ማርያም ማዶ እምቦጩ ሞተሩን አንቆ ያዘው።
ሐይቁ ፀጥ አለ፤ ከሩቅ ጉማሬ አስነጠሰ።
ጋሽ ፈንቴ በሆዱ ተኝቶ፣ ካራ ይዞ፣ ሥሩን ይቆርጣል፤
ድንገት፣ ውሃውን እንደሚያናግር፦
“ሚላግሮስ ነበር ስሟ። ሀቫና፣ ወደብ ላይ።
ሻንጣዬን እያየች ‘ኤስታስ ሊስቶ?’ አለችኝ።”

“አንተስ ምን አልካት?”

አንድ ክንድ እምቦጭ ጎትቶ አወጣ፣ ወረወረ።
ሌላም አወጣ።
“ሰዋስው አልተሳሳትኩም” አለ።

ከዚያ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ተነሣ።
እጁን በሱሪው ጠረገና፣
“ሊስቶ” አለ፤
ያለ ሴር፣ ያለ ኤስታር፣ ብቻውን።
ሥራ ሲያልቅ እንዲህ ይባላል፤ ይህን አላስተማረኝም ነበር።

ያለቀው ሞተሩ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅሁትም።
የባሕር ዳር መብራት ታየ። ዳሩ ላይ
አበጀ ሣጥኑን ይደበድባል፣
በዚህ ምሽት ማን ጫማ እንደሚያስጠርግ እንጃ።