ጀርባው ይቅደም

በካታኒያ ከተማ፣ ከዓሣ ተራው በስተጀርባ፣
አንድ ወንበር ያላት ጸጉር ቤት አለች፣ ሦስተኛ ሰው የማታስገባ።
ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከነሐስ ቀለበት፣
አንድ ጠፍር ተንጠልጥሏል፣ የፈረስ ቆዳ፣
የሦስት ትውልድ የመዳፍ ወዝ ገብቶ የሠረገበት።

"ቬኔራ" አለኝ ኑንጺዮ፣ "ፊት ከመንካትሽ በፊት ቆዳውን እወቂ፤
በግራ እጅሽ ወጥሪው፤ ከላላ ስለቱን ያጎብጠዋል፤ ወጥረሽ አትነቃነቂ።
የምላጩ ጀርባ ይቅደም፣ አፉ ይከተል፤
አፍ የቀደመ ዕለት ጠፍርም ይቆረጣል፣ ወዳጅም ይጎድል።
ዳር ስትደርሺ አታንሺው፤ በጀርባው አንከባለሽ ገልብጪው፤
ደግሞ አትጫኚው። የራሱ ክብደት ይበቃዋል፣ ልቀቂው።
ሃያ በተልባ እግር ጨርቅ፣ አርባ በቆዳ፤
ቁጥር ለጀማሪ ነው፤ ጆሮሽ ሲለምድ ቁጥር ራሱ ይሆንብሻል እንግዳ።"

የሱ እጅ ሲመላለስ ሽው ይላል፣ ሽው፣ ሐር በሐር ላይ እንደሚጎተት፤
የኔ ግን ቋ፣ ቋ፣ ሽማግሌ በምርኩዝ ደረጃ እንደሚወጣበት።
በሁለተኛው ሳምንት አፉን አስቀደምኩ፤ ጠፍሩ ላይ ጠባሳ ቀረ፣
ጥፍር የምታህል። ኑንጺዮ አያትና
ስለ ሰይፍ ዓሣ ዋጋ አወራ፣ ስለ ዝናብ ተናገረ።

ከዚያ ኤትና አመዷን ነፋች።
ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ፤ ከተማው ላይ ኑግ የፈሰሰ መሰለ።
ጠዋት ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ደጁን ይጠርጋል፤
እኔ ለካ መስኮቱን ሳልዘጋ ሄጄ ኖሮ፣
ጠፍሩ ከነትቢያው ተሰቅሏል።

አላየሁም። አርባ ጊዜ አመላለስኩ። ድምፁ ሻከር ሲል "የኔ እጅ ነው" አልኩ፤
ዓሣ ሻጩ ካሎጄሮ አገጩን ቀና አደረገልኝ፤ ከጆሮው ሥር ጀመርኩ።
ሦስተኛው ላይ ደም፤ ክር የምታህል ቀይ መስመር።
"እኔ ለዓሣዎቼ ከዚህ የተሻለ እራራለሁ" አለ፣ "ይመስክር ባሕር።"

ኑንጺዮ አልተቆጣም። ምላጩን ወደ ብርሃን አነሳ፤
በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰው፤ ስለቱ ጥርስ አብቅሏል፣
ዓይን የማያየው ጠባሳ።
ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ጠፍሩን ከላይ እስከ ታች አሸ፤
ደግሞ አሸ፤ እጁ ጠቆረ፤ የተራራው ትቢያ በጣቶቹ መሐል ሸሸ።
"ጨርቅ አይሆንም?" አልኩት።
"ጨርቅ ምን ይሰማዋል?
አንዲት ፍሬ አሸዋ የምትቆረቁረው እጅን ነው፤ ቆዳን ቆዳ ያውቀዋል።"

ዛሬ የበዓል ዋዜማ ነው፤ ከተማው ሻማ ተሸክሞ ለቅድስት አጋታ ይሳላል፤
እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ ምላጬም ይሳላል።
የማን ስለት እንደሚደርስ እንጃ።
መጀመሪያ መዳፌን ሰደድኩ፣ ከላይ እስከ ታች፤
ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ አፉን፤
ጠባሳዋ ጋ ሲደርስ ብቻ ምላጩ ቋ ይላል፣ እንዳትረሺኝ ባይ ናት።

የኑንጺዮ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ክረምት አለፈ፤
አሁን በደንበኞቹ ወንበር ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤
ያ ቁጥር ለጀማሪ ነው ያለኝ ሰውዬ
"ሠላሳ ስምንት" ይላል፤ "ሁለት ይቀርሻል።"