እርጉዟ ፊደል

ባሕሩ ጠዋት ሸሽቶ ማታ በሚመጣበት፣
በሁሱም ወደብ ዳር፣ ከቪብከ ቢሮ ቤት፣
ብሩሽ ሠሪው ኤገርት፣ ዝናቡን አራግፎ፣
ገባ፣ አንድ ወረቀት በብብቱ አቅፎ።
«ምራቴ ናት የላከችኝ» አላት፣ «ስሜ መንገድ ጠፋው፤
ለኔ የተጻፈውን ሁሉ ሌላ ፎስ ከፈተው።
ለጫማ፣ ለፈረስ ብሩሽ ላዘዘኝ ሰው
የሬሳ ሣጥን ዋጋ ነው የሚደርሰው።»

ቪብከ ስሙን አየች። መጨረሻው ላይ ያለች
አንዲት የጀርመን ፊደል፣ ሆዷ ገፍቶ የቆመች።
ድምጿ ያው «ስ» ነው፤ መልኳ ነው የተለየ።
(እኛስ ብንሆን፣ እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ ማን በጆሮው ለየ?)

ኮዱን ገለጠችው። «አሮጌው ላይብረሪ ነው» አለች፣ «ጥፋቱ፤
ወር የማይቆጥር አዋላጅ! ገና ስትደርስ ከፊቱ
ሳይጠይቅ አስምጦ መንታ አስወለዳት፤
ሁለት ከሲታ ኤስ ብቻ ተረፉላት።»
እንዲያ ተጽፎ ሲያበቃ፣ በመንታ ሲጨርስ፣
ስሙ የቀብር አስፈጻሚው ነው፤ የሃርም፣ የዚያኛው ፎስ።

አሮጌውን ነቀለች፣ አዲሱን ተከለች፤
ፊደሏ ሳትወልድ፣ ከነሆዷ አለፈች።
ግን ሽቦው ከላቲን ሆሄ፣ ከነዚያ ከጥቂቶቹ
ሌላ አያውቅምና፣ ስሙ ልብስ ለወጠ፦

ኤክስ፣ ኤን፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣
ቪ፣ ኦ፣ ሰረዝ፣
ኤች፣ አይ፣ ኤ።

ሽማግሌው መነጽሩን ወለወለ።
«ይሄ የማን ስም ነው? የመርከብ ታርጋ ነው?»
«የመንገድ ካፖርት ነው፣ ለዝናብ የሚለበሰው፤
ደጃፍዎ ሲደርስ ያወልቃል፤ ገላው ያው ነው።»

ሦስት ሳምንት አለፈ። ትዕዛዙ ጎረፈ፤
የጢም ብሩሽ፣ የጠርሙስ ብሩሽ፣
አንዱማ ለበቅሎው ጋማ ጻፈ።
በአራተኛው ኤገርት ተመለሰ፣
ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ ማታ፣
ሃርም የተሳሳተውን ወረቀት ይዞ፣ በሬን ሲመታ፣
ጥቁር ኮቱን አውልቆ፣ ከምድጃው ጥግ ይቀመጥና፣
እሱ የሞቱትን ይነግረኛል፣
እኔ ብሩሽ የገዙትን።
አሁን ዓርብ ይመጣል።
ሃርም ግን ምን ይዞ ይምጣ?»

ዝም አሉ። ውጭ ባሕሩ ወደ ጭቃው ይመለሳል።

«ቪብከ፣ የኔ ልጅ፣
ካሥር አንዴ እንኳ…
አታስምጫትም?»