ሦስተኛውን ስፈታ

ዋበሪ የደንገጎን ዳገት ሳያጋምስ ተመለሰ፣
አርባ ኩንታል ሲሚንቶ እንዳዘለ፣ ጥቁር ጭሱን እንደለበሰ።
ከደቻቱ አሸዋ ማዶ፣ በጋራዡ በር ሲገባ
ከኒሟ ጥላ ሥር ያሸለበው ሁሉ ነቃ፣ ዓይኑ በጭሱ እያነባ።
ትክትክ እንደያዘው ሕፃን ነው ኤንፒአሩ፦
ያስላል፣ ያርፋል፣ ያስላል፤ ተንቀጠቀጠ ቆርቆሮው፣ ተንቀጠቀጠ በሩ።

ድሬ፣ ስምንት ሰዓት፤ ብረት በባዶ እጅ የማይነካበት።

"አቦ፣ ፓምፑ ነው!" አለ አንዱ። "ፊልትሮው ነው!" አለ ሌላው።
"ናፍጣው ውሃ ጠጥቷል" አለ፣ ቁልፍ ጨብጦ የማያውቀው።
ዋበሪ የፓምፕ ዋጋ ሲጠሩለት በልቡ ደመረ፣ ቀነሰ፤
ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ላቡን በሽርጡ አበሰ።

ጋሽ ሙሜ አልተናገሩም።
ጆሯቸውን በልጅነት፣ ሻምዲፈር ወርክሾፕ ነው የሳሉት፤
ግራው ከሞተ ቆየ፤ ቀኙን ለሞተር ብቻ ነው ያስቀሩት።
ረጅሙን ካቻቢቴ አንስተው፣ ጫፉን ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሯቸው
አጋጠሙና ቆዩ። ተከደነ ዓይናቸው።
"አሥራ ሰባት ቁልፍ አምጣ። ሞተሩን እንዳታጠፋ።
አንድ ባንድ አላላ፣ አንድ ባንድ እሰር፤ ናፍጣው ዓይንህን እንዳያጠፋ።"

አንደኛውን አላላሁ፤ ናፍጣው በብሎኑ ዳር አረፋ ደፈቀ፤
ሞተሩ አንዴ ተንገዳገደ፣ ድምፁ ወረደ፣ ደቀቀ።
አሰርኩት። ሁለተኛውን ነካሁ፤ ተንዘፈዘፈ፣ ሊጠፋ ቃጣ፤
ዋበሪ "ያ አላህ!" እያለ ከጎማው ዘሎ መጣ።
አሰርኩት። ሦስተኛውን ፈታሁ።

ምንም።

ናፍጣው ይፈሳል፤ ሞተሩ ያንኑ ሳል ይስላል፤
አልጎደለበት፣ አልከበደው፤ ያለ እሱ ለምዶ ኖሯል።

"እሱ ነው" አሉ ጋሽ ሙሜ፣ ካቻቢቴውን አውርደው።
"የሚሠራውን ስትነካው ቤቱ ይናወጣል፤ የሞተውን ማን ይለየው?
ጫፉን ካርቦን ደፍኖታል። ጉም መርጨት ነበረበት፤
እሱ ግን ጠብ ጠብ ይላል፣ እንደ እኔ፣ ሌሊት ሌሊት።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ።
አምና አኩርፌ ወጥቼ፣ ደወሌ አርባ ቀን ጭነት ሳወርድ ከረምኩ፤
ስመለስ ያው ሰሌን፣ ያው ብርጭቆ፤ "የት ነበርክ?" የሚለኝን ሰው ፈለግኩ።
ቱታዬ ምስማሩ ላይ ነበር፣ እኔው እንደሰቀልኩት።
ጎንበስ አልኩ፦ "ጋሽ ሙሜ፣ ያኔ እኔ የሄድኩ ጊዜ…
ድምፁ ተለውጦ ነበር?"
በግራ ጆሯቸው በኩል ነበር የጠየቅኩት።
አውቄ ይሁን ሳላውቅ፣ ዛሬም አልለየሁት።

ሞተሩን ሲያዩ ቆዩ።
"አራተኛው ቀርቷል" አሉ። "አንዱን ስላገኘህ አትቁም። ፍታው።"

ፈታሁት።
ሞተሩ ሁለቴ ተንደፋደፈና ጠፋ።
መጀመሪያ የኒሟ ቅጠል ተሰማ፤ ቀጥሎ ከከዚራ በኩል ባጃጅ፤
ከዚያ የዋበሪ ትንፋሽ፤
ከዚያ፣ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ መልሰው፣
"እህ? ምን ብለኸኝ ነበር?"