ትርፍ ፊሎ

ነይ ኔሬያ፣ በሩን ግጠሚው፤ አሸዋው ይገባል፣
የፓታጎኒያ ነፋስ ዛሬም እንደ ሰካራም ደጅ ይደበድባል።
መብራቱን ጎትቺ፣ ካርቶኑን አንጥፊ፣
ከሲሚንቶው ብርድ ጉልበትሽን አትርፊ።
እኔ በርሜሉ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣
በእጄ ያቃተኝን በአፌ እሠራለሁ።

ሐኪሙ ለእጄ መንቀጥቀጥ ረጅም ስም አወጣለት፤
እኔ ግን ምንጩን አውቃለሁ፦
ይሄን ሞተር አርባ ዓመት ተቀምጬበት
ንዝረቱን ነው የወረስኩት።

ዘይቱን በትኩሱ አፍስሺ፤ ከበረደ ዝቃጩ ታች ይቀራል፣
ሰውም ሳይናገር ሲቆይ፣ ነገሩ ልቡ ላይ ይረጋል።
ካንዴላዋን ፍቺና ቀለሟን ንገሪኝ፤
መነጽሬ ጠፍቷል፣ ዓይንሽን አውሺኝ።
ዳማ ናት? እሰይ። ጥቁር ብትሆን ጥጋብ፣
ነጭ ብትሆን ረኃብ፤
ይቺ ልኳን በልታለች።

ካቴናውን ከታች በጣትሽ ግፊው፣
ሁለት ጣት ያህል ይወዛወዝ፤ ከዚያ በላይ አትወጥሪው።
የከረረ ይበጠሳል፣ የላላም ይወልቃል፤
ይህን እናትሽ ብላኝ ነበር፣
ስለ ካቴና መስሎኝ፤ ሞኝ ምኑን ያውቃል!

የፍሬኑ ሸራ ቀጥኗል? ቀይሪው።
ጠጠር ላይ የፊቱን አትንኪ፤ በማርሽ አዘግሚ፣
ጓናኮ መንገድ ከዘለለም፣ አንዱ አለፈ ብለሽ አትቀድሚ፤
ሁለተኛው ይከተላል።
ሁልጊዜ ሦስተኛ አለ።

ይሄ ሁሉ ሻንጣ ምንድን ነው? ሚዛኑን አምጪ፤
ሦስት መጽሐፍ! ፀጉር ማድረቂያ? ነፋሱ ያደርቅልሻል፤ አውጪ።
ካላማዳሪያ ይግባ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መጣፊያ፣
ጄሪካኑም ይሞላ፤ መንገዱ የለውም በየጥጉ ማደያ።
ይሄስ? የኔ ሹራብ? ማን ውሰጂ አለሽ?
ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፣ ክርኑን ብል በልቶታል። አውጪው።
...
እሺ፣ ተይው።
ከሥር አድርጊው።

ላ ኪያካ ስትቃረቢ፣ ቦሊቪያ ድንበር፣ አየሩ ይሳሳል፣
ሞተሩን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዳገት ላይ ያስላል።
ለካርቡራቶሩ ጠባቧን ብሎን በወረቀት ጠቅልያታለሁ፣
«ለተራራ» ብዬ፣ በሚወላገድ ፊደል፣ ጽፌባታለሁ።
እናትሽ ትገርመኛለች፤ እዚህ ነፋስ እየጠገበች
«ትንፋሽ አጠረኝ» ብላ፣ አየር ወደሌለበት ወጣች።
ስታገኚያት ሰላም በያት።
ተይው፣ አትበያት።
ስለ ሞተሩ ብቻ አንሺና፣
ዛሬም በመጀመሪያው ምት ይነሣል በያት።

የቀረው የፍሪሲዮኑ ፊሎ ነው። ነባሩ ደህና ነው፣ አትንኪው፤
አዲሱን ከጎኑ ዘርግተሽ በየስንዝሩ በነስትሮ እሰሪው።
ጫፉን ግራሶ ቀቢና ላስቲክ አልብሺ፤
አሁን ሥራ የለውም፤ መኖሩን እወቂና እርሺ።
አይጎትትም፣ አይጎተትም፤ ከነባሩ ጋር ዝም ብሎ ይጓዛል፣
ሌሊት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ያ ጧ ያለ ጊዜ ግን
እጅሽ ዳብሶ ያገኘዋል።

አሁን መብራቱን አጥፊው። አዎ፣ አጥፊው።
የኋላውን ጎማ ፍቺና መልሰሽ ግጠሚው።
አልረዳሽም። ዳዶው ተንከባለለ? ድምፁን ተከተዪ፣
ከፈለግሽ ተሳደቢ፤ ብቻ «አባዬ» አትበዪ።

ገባ?
ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ።
እንግዲህ በእግርሽ ምቺው። አንዴ፣ ሳትፈሪ።
ቆይ! እጄን ሰልባትዮው ላይ ላሳርፍ።
ይኸው፤ እሱም ይንቀጠቀጣል፣ እኔም፤
ማን ማንን እንደሚያናውጥ በዚህ ጨለማ አይለይም።
ትንሽ ቤንዚን ስጪው።
ትንሽ ጨምሪ።

በሩን ተይው፣ እኔ እከፍተዋለሁ።
ይግባ አሸዋው።